በጃፓን ገጠር ባቡር ስትሳፈሩ ዝርዝር ገንዘብ ያዙ

እንደ ሂሮሺማው የጌይቢ መስመር ባሉ የገጠር መስመሮች ላይ ባለ አንድ ፉርጎ የናፍጣ ባቡር ስትሳፈሩ ትኬት ቆራጭ አትጠብቁ፤ ሂሳብ የሚቀበለው ሹፌሩ ነው። ብዙ ጣቢያዎች ላይም ሠራተኛ የለም። በኋላ በር ግቡና እዚያው ካለችው ማሽን ቁጥር ያለባትን ትንሽ ወረቀት ሳብ አድርጉ። ከፊት ከሹፌሩ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ከቁጥራችሁ ስር የሚታየው ዋጋ ባቡሩ በሄደ ቁጥር ይጨምራል፣ ስትወርዱ የምትከፍሉት እሱን ነው። ዋናው ነገር ግን ዝርዝር መያዝ ነው! ከሹፌሩ አጠገብ ያለው ማሽን ባለ 1,000 የን ኖት ይዘረዝራል፣ ባለ 10,000 ግን አይቀበልም። መውረጃችሁ ሳይደርስ፣ ባቡሩ ቆም ሲል ዘርዝሩና ልኩን ከወረቀቷ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩ። ሠራተኛ ያለበት ትልቅ ጣቢያ ከወረዳችሁ ግን ሂሳቡ መውጫው ላይ ነው።