የጥንት ፎቶግራፍ የቅጂ መብት ዘመን ማለፉን እንዴት እናረጋግጥ?

በደሴና በአካባቢዋ ከየቤቱ ሣጥን የሚወጡ የጥንት ፎቶግራፎችን ለመጽሐፍ፣ ለዐውደ ርእይ ወይም ለኢንተርኔት ማዋል የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ፎቶው የማን ነው?» ብሎ ነው። ይሁን እንጂ ፎቶውን ያስቀመጠው ቤተሰብ የወረቀቱ ባለቤት ቢሆንም የቅጂ መብቱ ባለቤት ላይሆን ስለሚችል፣ መቅደም ያለበት ጥያቄ ፎቶው መቼ፣ የትና በማን ተነሣ የሚለው ነው።

በአገራችን ሕግ ከሦስቱ ወሳኙ «መቼ» የሚለው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለመጻሕፍት ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ሲሰጥ፣ በፎቶግራፍ ላይ ያለው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ፎቶውን በማባዛትና በመሸጥ የመጠቀም መብት፣ ግን ፎቶው ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ብቻ ይቆያል። ስለዚህ በ1980 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ የተነሣ የሠርግ ፎቶ ዘመኑ በ2005 ዓ.ም. አልፏል፤ ፎቶ አንሺው ዛሬም በሕይወት መኖሩ ስሌቱን አይለውጠውም።

ዓመቱን ለማግኘት የፎቶግራፉን ጀርባ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። የተጻፈው ቁጥር የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይታወቅ ስሌት መጀመር አይገባም፤ «1967» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን የወረዱበት ዓመት ነው፤ የውጭ አገር ሰው የጻፈው ከሆነ ግን 1959 ወይም 1960 ዓ.ም. ነው። ዓመት ካልተጻፈበት የፎቶ ቤቱን ማኅተም ይመልከቱ። ማኅተሙ «ወሎ ጠቅላይ ግዛት» የሚል ከሆነ ወደ ንጉሡ ዘመን፣ «ወሎ ክፍለ ሀገር» የሚል ከሆነ ወደ ደርግ ዘመን የሚያመለክት በመሆኑ፣ ትክክለኛው ዓመት ባይታወቅም 25 ዓመቱ ማለፉን መገመት ይቻላል። «ደቡብ ወሎ ዞን» ወይም «ሰሜን ወሎ ዞን» የሚል ከሆነ ግን ትክክለኛውን ዓመት ማወቅ ግድ ይሆናል። ፎቶ ቤቶች የቆየ ማኅተም የአስተዳደሩ ስም ከተለወጠ በኋላም ሊጠቀሙ እንደሚችሉ፣ ማኅተሙም በኋላ በታተመ ቅጂ ላይ የተመታ ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ተገቢ ነው፤ በዚህ ምክንያት ማኅተሙን ብቻ ከማመን ይልቅ በፎቶው ላይ የሚታዩትን ሰዎች ወይም ዘመዶቻቸውን ጠይቆ ማመሳከር ይበልጣል። የጥንቱን ፎቶ በስካነር መገልበጥ አዲስ የፈጠራ ሥራ ስላልሆነ፣ የ25 ዓመቱ ቆጠራ ምንጊዜም ከመጀመሪያው ቀን ነው።

ፎቶ አንሺው የውጭ አገር ሰው ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የውጭ ጋዜጠኞች ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ጣሊያኖችም ከተማዋን ከያዙ በኋላ ብዙ ፎቶ አንሥተዋል። እንዲህ ያለ ፎቶ በውጭ አገር በሚታይ መጽሐፍ ወይም ድረ ገጽ ላይ የሚወጣ ከሆነ የእኛን አዋጅ ብቻ መመልከት አይበቃም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው የጣሊያን ሕግ ተራ ለሆነ ፎቶግራፍ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 20 ዓመት ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ይህ ወደ 70 ዓመት ተራዝሟል፤ የፈጠራ ባሕርይ ያለው ፎቶግራፍ ግን አንሺው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የአንሺውን ስምና የሞተበትን ዓመት መፈለግ የግድ ነው።

የቅጂ መብቱ ዘመን ማለፉ ብቻውን ሁሉን አይፈቅድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጉዳይ በአንቀጽ 28 የተለየ ሁኔታ ተቀምጧል። በተለይ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ጊዜ የተነሡትን ፎቶዎች ሳስብ ይህ ድንጋጌ ከሁሉ ይበልጥ ይከብደኛል፤ በዚያ ሥቃይ ውስጥ ለነበረ ሰው «ላንሣህ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ብዙም አልነበረምና፣ በፎቶው ላይ ያለው ሰው ወይም ቤተሰቡ የሚታወቅ ከሆነ ፎቶው ከመታተሙ በፊት ሄዶ መጠየቅ ይገባል።

የአንሺው ስም ከታወቀ ከፎቶው ሥር ይጻፍ። ዘመኑ ማለፉን ያረጋገጡበትን ማስረጃ፣ ማለትም የጀርባውን ጽሑፍና የማኅተሙን ፎቶ፣ እንዲሁም የነገሩዎትን ሰዎች ቃል ከነቀኑ ከፎቶው ጋር ያስቀምጡ፤ ጥርጣሬ የቀረ እንደሆነም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን በጽሑፍ ይጠይቁ።