ዋይፋዩ መኝታ ክፍል ድረስ እንዲደርስ ያደረግኩት
ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ዋይፋዩ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ መኝታ ክፍል ሲደርስ ይጠፋል። አንድ እናት ጂዳ ካለችው ልጃቸው ጋር ለማውራት በዚያ ብርድ ግቢ ይቀመጡ ነበር። አንጀቴን በሉት።

መጀመሪያ የኢንተርኔት መስመሩን ጠረጠርኩ። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር አጠገብ ስለካው ግን ፍጥነቱ ደህና ነው። ለካ ራውተሩ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል! ብረት ሲግናል ያፍናል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ የቀረውን ይውጠዋል።

አውጥቼ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ወደ መኝታው ሕንፃ 60 ሜትር ያህል የኔትወርክ ገመድ ዘረጋሁ፤ እስከ 100 ሜትር ችግር የለውም። ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በገመዱ የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ፣ ገጠምኩ። ስሙና የይለፍ ቃሉ ከራውተሩ ጋር አንድ ነው፤ አረጋውያኑ ምንም መነካካት የለባቸውም። የሁለቱ ዕቃዎች ሲግናል እንዳይረባበሽ አንዱን ቻናል (የሞገድ መስመር) 1፣ ሌላውን 6 ላይ አደረግኩ። ከዋይፋይ ሞገዶች 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይከብደዋል፤ ለክፍሎቹ 2.4 ጊጋኸርዙ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ለሁለቱም ትንሽ ባትሪ ገዛን። ቮልቱን ከአዳፕተሩ ጋር አመሳክሩ፤ የ9 ቮልቱን ዕቃ 12 ላይ ብትሰኩት ሊቃጠል ይችላል።

ማታ እኚያ እናት አልጋቸው ላይ ሆነው የልጃቸውን ፊት አዩ። እጄን ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁኝ።