«አላወቅኩም» የማያድንበት ስፖርት፦ የሞተር ስፖርት ተወዳዳሪዎች ከዶፒንግ ምርመራ ጋር የሚሠሯቸው ስህተቶች

በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው ምን ውጦ እንደመጣ የሚያሳስበው እሱን ብቻ አይደለም፤ ጎኑ የሚነዳውንም ነው። በዶፒንግ፣ ማለትም የተከለከለ ንጥረ ነገር በመውሰድ፣ የተያዙ ተወዳዳሪዎች የሚሰጧቸው ምክንያቶች ግን ከዓመት ዓመት ያው ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«ጓደኛ ነው የሰጠኝ።» ኤ ጄ አልመንዲንገር በ2012 በአሜሪካው የመኪና ውድድር በናስካር ለፔንስኪ ቡድን የሚነዳ፣ ሥራው የሰመረለት ሰው ነበር። ራሱ እንደተናገረው፣ ደክሞት ሳለ አንድ የሚያውቀው ሰው «ኃይል ይሰጥሃል» ብሎ ያቀበለውን ክኒን ዋጠ። ክኒኑ አደራል ነበር፤ አምፌታሚን ያለበት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይሰጥ መድኃኒት። ኬንታኪ ውድድር ላይ የሰጠው ናሙና ውጤት የደረሰው ዳይቶና ላይ ለውድድር እየተዘጋጀ ሳለ ነው። ሁለተኛው፣ ማለትም ቢ ናሙናውም ያንኑ አረጋገጠ፤ ቡድኑም አሰናበተው። የናስካርን የማገገሚያ ፕሮግራም ጨርሶ በዚያው ዓመት መስከረም እገዳው ተነሣለት፤ የፔንስኪ መቀመጫው ግን አልጠበቀውም።

«አላወቅኩም።» በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ሕግ በሰውነትዎ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ እንዴት እንደገባ ማስረዳትም የእርስዎ ሥራ ነው። የሞቶ ጂፒ (የሞተር ብስክሌት ውድድር) ተወዳዳሪው አንድሬያ ያኖኔ በ2019 ማሌዥያ ውስጥ ሴፓንግ ላይ ድሮስታኖሎን የተባለ ስቴሮይድ ሲገኝበት የተበከለ ሥጋ በልቼ ነው አለ። መጀመሪያ 18 ወር ተፈረደበት። ይነሣልኝ ብሎ ወደ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ሄደ፤ የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ድርጅት (ዋዳ) በበኩሉ ይክበድ ብሎ ይግባኝ አለ። ያኖኔ የትኛውን ሥጋ እንደበላና ከየት እንደመጣ ማስረዳት ስላልቻለ ቅጣቱ 4 ዓመት ሆነ። ለእኔ ጭካኔ ነው፤ የበላውን ሥጋ ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ማን አለ? ሕጉ ግን ይህንን ሰበብ አይቀበልም። ቢያንስ የሚወስዱትን የምግብ ማሟያ ዕቃውን ከነምርት ቁጥሩ አይጣሉ፤ ጥቂትም አስቀርተው ያቆዩ።

«ሐኪም አዝዞልኛል።» የሐኪም ወረቀትና የሕክምና ልዩ ፈቃድ (የተከለከለን መድኃኒት ለሕመም ለመውሰድ ከፀረ-ዶፒንግ አካል የሚገኝ ፈቃድ) አንድ አይደሉም። የሱፐርክሮስ (የሞተር ብስክሌት ዝላይ ውድድር) ተወዳዳሪው ጄምስ ስቱዋርት አደራል የታዘዘለት ሰው ነበር፤ ፈቃዱን ግን ቀድሞ ስላልያዘ በ2014 ለ16 ወራት ታገደ። የተከለከሉት ዝርዝር በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ስለሚታደስ፣ አምና ያለ ችግር የወሰዱትንም እንደገና ይዩት።

«ለመዝናናት ነው እንጂ ለማሸነፍ አይደለም።» የመኪና ተወዳዳሪው ቶማሽ ኤንገ በ2002 የፎርሙላ 3000 ሻምፒዮንነቱን ለሴባስቲያን ቡርዴ ያስረከበው በካናቢስ (ሃሺሽ) ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ነው። ሰውየው ላቡ ሳይደርቅ፣ የጋዜጠኛው ጥሪ ጆሮው ላይ እያለ፣ ቶሎ ፈርሞ መውጣት ይፈልጋል። አይቸኩሉ። የናሙና መውሰጃ ዕቃውን ራሱ ተወዳዳሪው ይመርጣል። ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ሽንት ያስፈልጋል፤ ካልደረሰ ውሃ እየጠጡ ይጠብቃሉ። ጠርሙሶቹ ላይና ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። በቅርቡ የወሰዱትን መድኃኒትና ቫይታሚን ሁሉ፣ የራስ ምታት ክኒን እንኳ ሳይቀር ያስመዝግቡ። ቅር ያለዎት ነገር ካለ አስተያየት መስጫው ላይ ይጻፉት እንጂ ጥለው አይውጡ፤ ናሙና አልሰጥም ማለት እስከ 4 ዓመት ያሳግዳል።