የካሜራውን ቦዲ ከመቀየር በፊት ሌንሱን መቀየር

ጅማ ውስጥ በፎቶ ሥራ የተሰማራችሁ ሁሉ፣ ያላችሁን ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ሸጣችሁ አዲስ ቦዲ (ያለ ሌንስ ዋናውን የካሜራ አካል) ከመግዛታችሁ በፊት በቅድሚያ ሌንሱን እንድታሻሽሉ አጥብቄ እመክራለሁ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ እስከ ጫፉ ሲሳብ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 5.6 ላይ ስለሚወሰን (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል)፣ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ክፍሎች ውስጥም ሆነ በምሽት ሠርግ ድንኳን ሥር አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ለማድረግ ያስገድዳል፤ ፎቶውም ኖይዝ (የነጠብጣብ ብዥታ) ይበዛበታል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በካኖን ኤፒኤስ-ሲ (አነስ ያለ ሴንሰር ባለው) ካሜራ ላይ የ80 ሚሊ ሜትር ያህል እይታ ስለሚሰጥ ለጉርድ ፎቶ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ለጠባብ ሳሎን ግን አይሆንም። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች የራሳቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው፣ ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ (የራሱ የፎከስ ሞተር ያለው) የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ።

ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በስልክ መብራት ከኋላ በኩል አብርታችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት። ዝናብና እርጥበት በሚበዛበት በዚህ አካባቢ፣ ከቦርሳ ይልቅ በደንብ የሚገጠም የፕላስቲክ ዕቃ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ማዘጋጀት ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ መቅደም አለበት።