ሜዲኬይድ ሊቀነስ ነው ሲባል ከየት እንጀምር?

በጁላይ 2023 እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ የስኳር መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ፋርማሲ ሄደው «ኢንሹራንስዎ ተዘግቷል» ተባሉ። የተዘጋው ሜዲኬይድ ነው፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚከፍለው የጤና መድን። ያኔ 58 ዓመታቸው ነበር፤ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። ገቢያቸው አልጨመረም። የተቀየረው አድራሻቸው ነው፤ መድኑን በየዓመቱ የሚያስቀጥለው የእድሳት ፎርም የሄደው ከለቀቁ ዓመት ወዳለፋቸው አፓርታማ ነበር። በኮቪድ ጊዜ ቆሞ የነበረው እድሳት በዚያ ዓመት ሲቀጥል በመላው አሜሪካ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሜዲኬይድ ወጥቷል፤ አብዛኛው የወጣውም በወረቀት ጉድለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የበጀት ቅነሳ ዜና በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቅነሳ እትዬ ላይ ስንት ፎርም ይጨምርባቸዋል? እናንተም ከዚህ ጀምሩ።

ከሁሉ በፊት የያዛችሁትን ካርድ እወቁ። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 በፈረሙት አንድ ሕግ የተፈጠሩ ቢሆኑም ይለያያሉ። ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላው ሲሆን፣ ሜዲኬይድ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነው ነው። ሜዲኬይድ በየስቴቱ ሌላ ስም አለው። ካሊፎርኒያ ሜዲካል፣ ዋሽንግተን ስቴት አፕል ሄልዝ፣ ሚኒሶታ ሜዲካል አሲስታንስ ይሉታል። «እኔ ያለኝ አፕል ሄልዝ ነው፣ ሜዲኬይድ አይመለከተኝም» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ይመለከታቸዋል።

የቅነሳ ዕቅድ ገና ኮንግረስ ውስጥ እያለ ስታነቡ «ሜዲኬይድ» የሚለውን ቃል ብቻ አትፈልጉ። በ2025 መጀመሪያ የተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፈው የበጀት ውሳኔ የኢነርጂና ንግድ ኮሚቴ በአሥር ዓመት ቢያንስ 880 ቢሊዮን ዶላር እንዲቀንስ ሲያዝ ሜዲኬይድን በስም አልጠራም ነበር። ግን ሜዲኬር ካልተነካ በዚያ ኮሚቴ ሥር ያን ያህል ገንዘብ የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ የትኛው ኮሚቴ እንደታዘዘ እዩ።

ቀጥሎ የፌዴራሉን ድርሻ ተመልከቱ። ለነባሩ ሜዲኬይድ ፌዴራል መንግሥት ከወጪው ቢያንስ 50 ከመቶ ይሸፍናል፤ በ2010 በወጣው የጤና ሕግ ምክንያት ለተጨመሩት ጎልማሶች («ማስፋፊያ» ለሚባለው ክፍል) ደግሞ 90 ከመቶ። ይህን 90 ዝቅ የማድረግ ሐሳብ በ2025ም ተነሥቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ውስጥ ግን አልገባም። እንደገና ከተነሣ ቨርጂኒያ ያላችሁ በተለይ ንቁ፤ የፌዴራሉ ድርሻ ከቀነሰ ስቴቱ ጎልማሶቹን ከሜዲኬይድ የሚያስወጣ ሕግ አስቀድሞ አውጥቷል። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ ስቴታችሁ ያን ማስፋፊያ ጭራሽ ስላልተቀበለ ስለዚህ ክፍል አትጨነቁ።

አሁን ዕቅድ መሆኑ ቀርቶ ሕግ ወደሆነው ልምጣ። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ በ2034 መድን የሌላቸውን ሰዎች ቁጥር በ10 ሚሊዮን እንደሚጨምር የኮንግረስ የበጀት ቢሮ ገምቷል። ለእትዬና ለመሰሎቻቸው ዋናው ለውጥ የሚጀምረው በ2027 መግቢያ ላይ ነው፤ አንዳንድ ስቴት ሊያስቀድም፣ አንዳንዱም ተፈቅዶለት ሊያዘገይ ይችላል። በማስፋፊያው የገቡ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሰዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም በጎ ፈቃድ መስጠታቸውን ማሳየት አለባቸው። እድሳቱም በዓመት አንዴ የነበረው በየስድስት ወሩ ይሆናል። 13 ዓመትና ከዚያ በታች ልጅ የሚያሳድግ፣ ነፍሰ ጡርና በጠና የታመመ ከሰዓቱ ግዴታ ነፃ ነው፤ ነፃ መሆኑ ግን በስቴቱ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የወር ገቢያችሁ 580 ዶላር ከሞላ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም። ቁጥሩ የመጣው 80 ሰዓት በፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በ7.25 ዶላር፣ ተባዝቶ ነው። እትዬ ሆቴሉ ሥራ ሲቀዘቅዝበት በወር 60 ሰዓት ብቻ ያገኛሉ፤ በሰዓት 15 ዶላር ቢከፈላቸው 900 ዶላር ነው፣ ያልፋሉ። ስለዚህ የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ታክሲና ኡበር የምትነዱም ከአሁኑ በየወሩ የገቢ ማስረጃችሁን አስቀምጡ። አርካንሶ በ2018 ይህን መሰል ግዴታ ሞክራ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰው መድኑን አጥቷል፤ በ2019 ፍርድ ቤት አስቆመው። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ይሠሩ ነበር፤ መሥራታቸውን ግን አላስመዘገቡም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የስደተኞቹ ነገር ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ጥገኝነት ያገኘ ወይም በስደተኛነት የገባ ሰው ግሪን ካርድ እስኪይዝ ድረስ በፌዴራል ገንዘብ የሚከፈለው መደበኛ ሜዲኬይድ አይገባውም። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ ጎልማሳ ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት መጠበቁ እንዳለ ነው፤ ከጥገኝነት ወይም ከስደተኛነት ወደ ግሪን ካርድ የተሻገረ ግን ያን አምስት ዓመት አይጠብቅም። ስለዚህ ጥገኝነታችሁ ከጸደቀ ወይም ከገባችሁ ዓመት የሞላችሁ፣ የግሪን ካርዱን ማመልከቻ በዚህ ሳምንት ከጠበቃ ጋር ተነጋገሩበት። እባካችሁ አታቆዩት።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ቀላል ነው። ዛሬ ለስቴቱ ደውላችሁ አድራሻችሁንና ስልካችሁን አሳድሱ፤ «አማርኛ» ካላችሁ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ፤ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም። ከስቴቱ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት አይደር። ሊዘጋ ነው የሚል ደብዳቤ ከመጣ፣ መዝጊያ ብሎ ከጻፈው ቀን በፊት ይግባኝ ጠይቁ፤ እንዲህ ካደረጋችሁ ውሳኔው እስኪሰጥ መድኑ ይቀጥላል። በይግባኙ ከተሸነፋችሁ ግን ስቴቱ ወጪውን ሊጠይቃችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ ድርጅት አማክሩ። ፎርም ባለመመለስ ብቻ ከተዘጋባችሁ ደግሞ፣ በገቢያቸው መጠን ለገቡ ጎልማሶች 90 ቀን አለ፤ በዚያ ውስጥ ፎርሙን ከመለሱ እንደ አዲስ ማመልከት የለባቸውም።

የእትዬ የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው። ፎርሙን ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ሞላነው፣ በማግስቱ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ፣ የተቀበላቸውን ሠራተኛ ማኅተምና ቀን አስመትተው ኮፒውን ይዘው ተመለሱ። ያ ኮፒ አሁንም ከደመወዝ ወረቀታቸው ጋር በአንድ ሰማያዊ ፎልደር ውስጥ አለ።