ሂንዱ የሥራ ባልደረባህን ምሳ ስትጋብዝ

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ አብሮህ የሚሠራው ህንዳዊ ሂንዱ ከሆነ ጥሬ ሥጋ ቤት እንዳትወስደው። ላም ለእነሱ ቅዱስ ናት፤ ብዙዎቹማ ሥጋ የሚባል አይነኩም። ሽሮ እዘዝለት። ቅቤ ችግር የለውም፣ እንዲያውም አምልኳቸው ላይ መብራት የሚያበሩት በንጥር ቅቤ ነው (እኔ ጾመኛ መስሎኝ በዘይት አሠርቼ አረፍኩት)።

ቡና ላይ ስለ እምነቱ ጠይቀው። «መሥራቹ ማነው?» ግን አትበል፣ አንድ መሥራች የለውም፤ ቬዳ ከሚባሉት መጻሕፍት ጀምሮ ከ3000 ዓመት በላይ ሲጠራቀም የመጣ ነው። ካርማ ሲልህ «የዘሩትን ማጨድ» ብለህ ያዘው፣ ልዩነቱ አጨዳው ለሚቀጥለው ልደትም መሻገሩ ነው። ከዚህ መወለድና መሞት መላቀቁ ሞክሻ ይባላል።

ካስቱን (ሲወለድ የሚወርሰውን የማኅበረሰብ መደብ) ግን ፊት ለፊት አትጠይቀው። ሰውን «አይነኬ» ብሎ ማግለልን ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የህንድ ሕገ መንግሥት ከልክሏል፤ ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን ካስት ዛሬም ይቆጠራል።