የካናዳ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን የምግብ ሙከራ ሰነዶች እንዴት ማንበብ እንደሚገባ

ከ1942 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ድረስ የካናዳ መንግሥት ሐኪሞችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በነባር ሕዝቦች መንደሮችና ልጆቻቸው በሚማሩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያካሄዱትን ሙከራ ለማጥናት የሚነሣ ሰው በሰነዶቹ ውስጥ የጭካኔ ቃል እንደማያገኝ አስቀድሞ ይወቅ። ደብዳቤዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ሠንጠረዦቹም በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ አንባቢው ለማን ምን እንደ ተሰጠ ከመመዝገቡ በፊት ማን ምን እንደ ተከለከለና ክልከላው ምን ያህል እንደ ቆየ ይጠይቅ።

ለመነሻ የሚበጀው የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ሞዝቢ በ2013 ያሳተመው ጥናት ነው፤ ሙከራው የተካሄደባቸውን ስድስት ትምህርት ቤቶች በስም ይዘረዝራል። ከዚያ በኋላ ኦታዋ ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይኬዳል። የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ ይመራ የነበረው መሥሪያ ቤት ሰነዶች በመዝገብ ቡድን 10፣ የጤና ሚኒስቴሩ ሰነዶች ደግሞ በመዝገብ ቡድን 29 ይገኛሉ። የነባር ሕዝቦች ጤና አገልግሎት በ1945 ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስለ ተዛወረ፣ በአንዱ የተጀመረ የደብዳቤ ልውውጥ በሌላው ሊቀጥል ይችላልና ሁለቱንም ማየት ግድ ነው። ፍለጋው በዘመኑ የመንግሥት ስያሜ፣ ማለትም «ኢንዲያን» በሚለው፣ ካልተካሄደ ብዙ ፋይል ያመልጣል።

ንባቡ ሲጀመር ግኝቱንና የተሰጠውን መልስ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የመንግሥት ሐኪሙ ፐርሲ ሙርና የሥነ ምግብ ተመራማሪው ሐኪም ፍሬደሪክ ቲስዳል በ1942 በሰሜን ማኒቶባ የሚኖሩትን የክሪ ሕዝቦች ሲመረምሩ፣ አንድ ሰው በቀን በአማካይ የሚያገኘው 1,470 ካሎሪ ብቻ መሆኑን ራሳቸው መዝግበዋል። ሆኖም በዚያው አካባቢ ባለው የኖርዌይ ሃውስ መንደር ለሙከራው ከተመረጡት 300 ሰዎች ቫይታሚን የተሰጣቸው 125 ናቸው፤ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ተተዉ። የተመዘገበው ረኃብ ነው፤ የቀረበው ግን እንክብል ነው፤ እርሱም ለሁሉም አልደረሰም።

ቀጥሎ በእርሳስ ሊሰመርበት የሚገባው «መነሻ ልኬት» የሚለው ሐረግ ነው። በመንግሥት የሥነ ምግብ ክፍል ኃላፊው በሊዮኔል ፔት መሪነት በ1948 በተጀመረው የትምህርት ቤቶች ጥናት፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚገኘው የአልበርኒ ትምህርት ቤት ልጆች የሚያገኙት ወተት ከሚመከረው መጠን ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ታውቆ ነበር። ነገር ግን ማነጻጸሪያ የሚሆን መነሻ ልኬት ለማግኘት ሲባል ያው ድርሻ ለሁለት ዓመት እንዲቀጥል ከተደረገ በኋላ ነው ወተቱ በሦስት እጥፍ የጨመረው። ሐረጉ በተጻፈበት ቦታ ሁሉ በዚያን ጊዜ ልጆቹ ምን ይበሉ እንደነበር ማጣራት ይገባል። በኦንታሪዮ፣ በኬኖራ አቅራቢያ በሚገኘው ሴንት ሜሪ ትምህርት ቤት ደግሞ በካናዳ የምግብ ሕግ ለገበያ ያልተፈቀደ፣ ቫይታሚንና የአጥንት ዱቄት የተጨመረበት ዱቄት ተሰጠ፤ ከዚያም በልጆቹ ላይ የደም ማነስ ጨመረ።

የታተመው ዘገባ ብቻውን አይበቃም፤ ተራ የሚመስለው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይናገራል። የድድ ሁኔታ ከምርምሩ መለኪያዎች አንዱ በመሆኑ፣ ሕክምና ውጤቱን እንዳያዛባ ተብሎ የተወሰነ የጥርስ ሕክምና እንዲቀር የተጠየቀው በእንዲህ ያለ የሥራ ደብዳቤ ነው።

«የዘመኑ አስተሳሰብ ነበር» የሚል መከራከሪያ መነሣቱ አይቀርም። ይህን ለመመዘን ቀኖቹን ማስተያየት ይጠቅማል፤ የተመራማሪ ግዴታንና የተመርማሪን ፈቃድ በግልጽ ያስቀመጠው፣ ከናዚ ሐኪሞች ችሎት የመነጨው የኑረምበርግ ደንብ የወጣው በ1947፣ የትምህርት ቤቶቹ ጥናት ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ በየፋይሉ የወላጆችን ፈቃድ የሚያሳይ ወረቀት መፈለግ፣ ከሌለም አለመኖሩን በማስታወሻ ማስፈር ተገቢ ነው።

በመዝገቡ የልጆች ስም ከተገኘ በቀጥታ አይታተምም። ካናዳ ውስጥ የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ከ1998 ጀምሮ የሚመሩበት ሥርዓት ስለ አንድ ማኅበረሰብ የተሰበሰበ መረጃ ባለቤትነቱ፣ ቁጥጥሩ፣ ተደራሽነቱና ይዞታው የራሱ የማኅበረሰቡ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ተመራማሪው ረቂቁን ከማሳተሙ በፊት ጉዳዩ የሚመለከተውን ማኅበረሰብ አመራር ያነጋግራል፤ የተረፉ ሰዎችን ምስክርነት ለማግኘትም በዊኒፔግ፣ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የእውነትና የዕርቅ ማዕከል ጥያቄውን በጽሑፍ ያቀርባል።